ሰም ያልነካው ሽቦ

በሺ ስምንት መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ የአንኮበር ባሩድ ቤት ተቃጠለ። ጠባቂው ዘርአ ዳዊት ይባላል። ተራራውን ጉም ውጦት የዋለ ቀን ነበር፤ በሩን ቢከፍተውም ውስጡ አልታይ አለው። ወደ ቆላ ለሚወርዱ ወታደሮች ስድስት ቀልቀሎ ባሩድ እንዲያወጣ ታዞ ስለነበር ፋኖስ ለኮሰና አንድ እግሩን ከደፉ አሳለፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል የሚያውቅ የለም። ፍንዳታው ጣራውን አንሥቶ ገደል ከተተው፤ ዘርአ ዳዊትንም አሽቀንጥሮ አጥሩ ላይ ጣለው።

ሦስት ቀን በሕይወት ቆየ። የተኛው በእኅቱ በወለተሐና ቤት ነው፤ ለባሩድ ቤቱ የሚቀርበው የእሷ ቤት ነበርና። ቅቤ በነከረችው ጨርቅ ቁስሉን እየሸፈነች አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጨለማ ባይሆን ኖሮ ፋኖስ አልይዝም ነበር» አላት በሁለተኛው ቀን። «እጄን እንኳ አላይም ነበር።»

በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ወለተሐና የመርጌታ ወልደአረጋይ ልጅ ናት። ባሏ ገብረአብ አንጥረኛ ነው፤ መስቀልና ድሪ ይሠራል። የካህን ልጅ ብረት ቀጥቃጭ አግብታ «ጠይብ ቤት ገባች» ተብሎ ስለታማ አባቷ ከሠርጉ ጀምሮ ደጇን ረግጠው አያውቁም። ከወገኗ መካከል እሑድ እሑድ እየመጣ ከባሏ ጋር አብሮ የሚበላው ዘርአ ዳዊት ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ የእሑድ ገበታ ባዶ ሆነ። እሷም ያን በጋ ሙሉ እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል ዋለች እንጂ ከቤት አልወጣችም።

የንጉሡ ግቢ አዛዥ ኃይለ ገብርኤል አዲስ ባሩድ ቤት አሠሩ። ከአይራራ ወንዝ ማዶ፣ ሰው ከማይኖርበት ጉብታ ላይ፣ በድንጋይ የታነጸ፣ መስኮት የሌለው፣ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ነው። ጧፍም ሆነ ፋኖስ ይዞ በመቶ እርምጃ ውስጥ የተገኘ ሰው ይገረፋል ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኞቹም በዳሰሳ መሥራት ጀመሩ። ፀሐይ ስትኖር በሩን ከፍተው በምታስገባው ብርሃን ይሰፍራሉ፤ ጉም ሲሆን ግን ከበሩ አንድ ክንድ ያለፈ ነገር አይታይም። አንኮበር ላይ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ጉም የማይሆንበት ቀን ጥቂት ነው።

በዚያን ጊዜ አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ ላይ ሙሴ ፌሊክስ የሚባል የስዊስ አገር መሐንዲስ ይኖር ነበር። ጠመንጃ ይጠግናል፤ አይራራ ላይ የውሃ ወፍጮ ያቆመውም እሱ ነው። አምስት ዓመት ስለኖረ አማርኛው አያስቸግርም፤ ነገር ግን ወንዱንም ሴቱንም፣ ጌታውንም ሎሌውንም «አንተ» ነው የሚለው። ሰውም ለምዶት ትቶታል።

ሙሴ ፌሊክስ አንድ ቀን ለአዛዡ «እሳት የሌለው መብራት አለ» አላቸው።

«እሳት የሌለው መብራት ፀሐይ ናት» አሉ አዛዥ ኃይለ ገብርኤል። «እሷም እዚህ አገር ክረምቱን አትገኝም።»

«ሌላም አለ። በብርጭቆ ውስጥ የታሸገ ቀጭን ክር ነው። የወፍጮው ውሃ መኪና ያዞራል፣ መኪናው ኤሌክትሪክ ያወጣል፣ ኤሌክትሪኩ በሽቦ ሄዶ ክሩን ያበራዋል። ብርጭቆው ዝግ ስለሆነ ባሩድ አይነካውም።»

አዛዡ ብዙ አሰቡበትና ፈቀዱ። መኪናው ባሕር ተሻግሮ ዘይላ ደረሰ፤ ከዚያ በግመል አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባ ደግሞ በሰው ትከሻ አቀበቱን ወጣ። ዐሥራ ሁለት መብራት በጥጥ ተጠቅልሎ ቢመጣም አምስቱ በመንገድ ተሰብረው ሰባት ቀሩ። ዘጠኝ ጥቅል የመዳብ ሽቦም አብሮ መጣ። ሙሴ ፌሊክስ እጁ የተካነ ሰው ሲፈልግ ገብረአብን አገኘ። አንጥረኛው ብር ሲስብ፣ ቀዳዳ ባለው ብረት እያሳለፈ እንደ ፀጉር ሲያቀጥነው አይቶ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልፈለገም።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በጥር መኪናውን ከወፍጮው ዘንግ ጋር አጋጠሙት። ውሃው ተለቀቀ፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የተንጠለጠሉት ሰባት መብራቶች በሩ። አዛዡ አንዱን ብርጭቆ በጣታቸው ነካ አድርገው እጃቸውን መለሱና «ይሞቃል፤ ግን አያቃጥልም» አሉ። ያየ ሁሉ ተደነቀ።

ከዚያ ሽቦውን ወደ ባሩድ ቤቱ መዘርጋት ተጀመረ። ከወፍጮው እስከ ጉብታው ከሁለት ሺ እርምጃ በላይ ነው። የጥድ ምሰሶ ተተከለ፤ በየምሰሶው ጫፍ በሰም የተለቀለቀ የቀንድ ዋንጫ ተደፍቶ ሽቦው በዚያ ላይ ታሰረ፤ ጉልበቱ በእንጨቱ በኩል ወደ መሬት እንዳያመልጥ ነው። ሥራው ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። በሚያዝያ አዛዡና ጭፍሮቻቸው ባሩድ ቤቱ ገብተው በሩ ተዘጋ። ከታች ውሃው ተለቀቀ።

የመብራቶቹ ክር እንደ ከሰል ፍም ቀላ። ከዚያ አላለፈም።

«ሙሴ» አሉ አዛዡ በጨለማው ውስጥ። «ይኼን መብራት ለማየት ሌላ መብራት ያስፈልገናል።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሙሴ ፌሊክስ ሽቦውን ከምሰሶ ምሰሶ እየሄደ መረመረ፤ የተበጠሰ የለም። በመጨረሻ ወፍጮው ደጃፍ ተቀምጦ ለገብረአብ እንዲህ ሲል ነገረው፤ «መኪናው አልደከመም። ሽቦው ነው የበላው። ጉልበቱ መንገድ ላይ ሽቦውን በማሞቅ ያልቃል፤ መብራቱ ዘንድ የሚደርሰው ትራፊ ነው።»

«ሽቦውን ብናወፍረውስ?»

«እንደ አውራ ጣት መሆን አለበት። በሸዋ ያለው መዳብ ሁሉ ቢቀልጥ የሚበቃን አይመስለኝም።»

ሥራው በዚያው ቆመ። ምሰሶዎቹ ክረምቱን ሙሉ ሽቦ እንደተሸከሙ ቆዩ፤ ልብስ የሚያሰጣባቸው እንኳ ነበር።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ ከአልዩ አምባ የመጣ ነጋዴ ለሙሴ ፌሊክስ ደብዳቤ አደረሰለት። ቡዳፔስት በሚባል ከተማ የሚሠራ ወዳጁ ነው የጻፈለት፤ በዚያ ዓመት እዚያ የታየ አዲስ ሥራ ነግሮት ሥዕሉንም አብሮ ልኮለታል። ሙሴ ፌሊክስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ በቅሎው ሳትጫን በእግሩ ወደ ገብረአብ ቤት መጣ።

«አንተ» አለው ገና ሳይቀመጥ፣ «ከቆላ ወደ ግቢ ጠጅ ጭነህ ትወጣለህ?»

«ማን እንዲያ ያደርጋል? የሚጫነው ማር ነው። ጠጁ ግቢ ውስጥ ይጣላል።»

«ለምን?»

«ውሃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን ይጠቅማል? የጭነት ከብት ይፈጃል፤ መንገድ ላይም ሲፈስ ያልቃል።»

«እኔ እስካሁን ጠጅ ነው የጫንኩት» አለ ሙሴ ፌሊክስ፤ ሥዕሉንም መደቡ ላይ ዘረጋው።

ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳው። በሽቦ የሚሄደው ጉልበት ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ የፍሰቱ ብዛት ነው፣ ሌላው የግፊቱ ኃይል። ሽቦውን የሚያሞቀውና ጉልበቱን የሚያባክነው የፍሰቱ ብዛት ነው። ፍሰቱን አሳንሶ ግፊቱን ማብዛት ቢቻል ያው ጉልበት በቀጭን ሽቦ ሊያልፍ ይችላል። ፍሰቱ በሃያ እጅ ቢያንስ መንገድ ላይ የሚባክነው በአራት መቶ እጅ ያንሳል። የሚያስፈልገው ሁለት ሣጥን ነው። አንዱ ወፍጮው ዘንድ ሆኖ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለተኛው መብራቱ ዘንድ ሆኖ መልሶ ዝቅ ያደርጋል። ዛሬ ትራንስፎርመር የምንለው ነው፤ እነሱ ግን ሁልጊዜ ሣጥን ነበር የሚሉት።

«በሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አለ ገብረአብ።

«የብረት ቀለበት። በቀለበቱ ላይ ሁለት ሽቦ ይጠመጠማል። ወፍራሙ ስድሳ ዙር፣ ቀጭኑ ሺ ሁለት መቶ ዙር። ሃያ እጥፍ ማለት ነው።»

«ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ?»

«አይነካኩም። ከተነካኩ ሥራው ተበላሸ።»

«ታዲያ ጉልበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ይሻገራል?»

«በብረቱ። መኪናችን ጉልበቱን እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ነው የሚገፋው። በወፍራሙ ሽቦ ወዲያ ወዲህ ባለ ቁጥር ብረቱ ማግኔት ይሆናል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይገለበጣል። የብረቱ መገላበጥ በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ አዲስ ጉልበት ይቀሰቅሳል። ዙሩ በበዛ መጠን ግፊቱ ይበዛል።»

ገብረአብ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዞረው። ቀለበቱ ደፍን ብረት ይሁን ብሎ ጠየቀ። ሙሴ ፌሊክስ አይሆንም አለ፤ ደፍን ብረት ሲገላበጥ ራሱ ግሎ ጉልበቱን ይበላዋል፤ ከቀጫጭን የብረት ሽቦ ተጠቅልሎ መሠራት አለበት።

«ከአገራችሁ ስንት ጊዜ ይፈጃል ቢታዘዝ?»

«አንድ ዓመት። ወይም አንተ ትሠራዋለህ።»

ገብረአብ የብረት ሽቦውን ከየጭነቱ ማሰሪያ ለቃቅሞ በእሳት አለስልሶ ቀለበቶቹን ሠራ። የተረፈውን መዳብ ደግሞ እንደ ብር ስቦ አቀጠነው፤ ለአንድ ሣጥን ስድስት መቶ ክንድ። የቀረው ሽቦውን ዳር እስከ ዳር በጥጥ ፈትል ማልበስና በሰም ማሸት ነበር፤ ራቁት ሽቦ ከራቁት ሽቦ ጋር ከተነካካ ጉልበቱ ዙሩን ሳይጨርስ አቋርጦ ያመልጣልና። ለዚህ ደግሞ እንደ ወለተሐና ያለ ቀጭን ፈትል የሚፈትል በአካባቢው አልነበረም። ለነገሥታት ልብስ የሚሆን ድር ነው የምታወጣው።

ገብረአብ ሥራውን ነገራት። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወደ ሙሴ ፌሊክስ ቤት ሄደች።

«ሙሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ነገር ሰው ይገድላል?»

ሙሴ ፌሊክስ እውነቱን ነገራት። «መንገድ ላይ ያለው ሽቦ አዎ፣ ይገድላል። የነካው ሰው ይሞታል። ወፍጮው ዘንድና መብራቱ ዘንድ ያለው ግን ለስላሳ ነው።»

«ኃይለኛው ለስላሳ የሚሆነው የት ነው?»

«በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ።»

«ሣጥኑስ የት ነው የሚቀመጠው?»

የባሩድ ቤቱን ሥዕል አሳያት። ሣጥኑ በውስጠኛው ግድግዳ፣ ከበሩ በስተቀኝ ተሥሏል።

«ሣጥኑ ቢቃጠልስ?»

«አንተ አትፍራ። አይቃጠልም።»

«ወንድሜም ፋኖሱ አይወድቅም ብሎ ነው የገባው» አለች ወለተሐና።

ሙሴ ፌሊክስ ሥዕሉን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ የሣጥኑን ምልክት በአውራ ጣቱ አብሶ አጠፋው። ሁለቱ ተነጋግረው ሣጥኑ ከባሩድ ቤቱ በመቶ እርምጃ ርቀት በድንጋይ ጎጆ ውስጥ እንዲቀመጥ፣ መብራቱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቁልፍም እዚያው እንዲሆን፣ ባሩድ ቤት የሚገባው ለስላሳው ሽቦ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በሠፈሩም ማንም ሰው ምሰሶውንና ሽቦውን እንዳይነካ አዋጅ ተነገረ። ልብስ ማስጣት ቀረ።

ያን ዐቢይ ጾም ወለተሐና ሽቦ ስታለብስ ከረመች። ፈትሉን አጠገብ ላጠገብ፣ መዳቡ እንዳይታይ አድርጋ ትጠመጥማለች፤ ገብረአብ በቀለጠ ሰም ያሻና ቀለበቱ ላይ ዙር እየቆጠረ ያጠነጥናል። ሰሙ የሚመጣው ከጠጅ ቤቱ ነበር፤ ሕማማት ሲገባ ግን አለቀ። አዛዡ ደግሞ ለትንሣኤ መብራቱን ማየት እፈልጋለሁ ብለው መልእክተኛ በመልእክተኛ ላይ ይልካሉ። የመጨረሻውን መቶ ክንድ ገብረአብ ሰም ሳያስነካው አጠነጠነው። ለማንም አልተናገረም። ፈትሉ ብቻውን ይበቃል ብሎ ራሱን አሳመነ።

በቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ ሰዉ ተሰበሰበ። ቁልፉን ሙሴ ፌሊክስ ጎጆው ዘንድ ከፈተው። ሰባቱም መብራት ባሩድ ቤቱ ውስጥ ወፍጮ ቤት እንደነበሩት ሆነው በሩ። አዛዡ ከበሩ ላይ ሆነው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። አባታችን ሆይ ዐሥር ጊዜ እስኪደገም ያህል በሩ።

ከዚያ ደከሙና ጠፉ። ዘወር ሲሉ ከድንጋይ ጎጆው በር ጭስ ይወጣል። አንድ ቢጫ ነበልባል የሣሩን ክዳን ያዘ። ወታደሮቹ ወደ ታች ሮጡ፤ ወፍጮው ዘንድ ያሉት ሰዎች የእነሱን ምልክት አይተው ውሃውን ዘጉ። ጎጆው እስኪያልቅ ነደደ። ባሩድ ቤቱ መቶ እርምጃ ርቆ ምንም ሳይነካው ቆመ።

ሙሴ ፌሊክስ በጎጆውና በባሩድ ቤቱ መካከል ያለውን ሜዳ ተመለከተ። ወለተሐናን በዓይኑ ፈልጎ አገኛትና ራሱን ዝቅ አደረገላት።

ገብረአብ ቤት ሲደርስ አልተቀመጠም።

«የመጨረሻው መቶ ክንድ ሰም አልነካውም» አላት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታስቆሚኝ ነበር።»

«አዎ። አስቆምህ ነበር።»

የትንሣኤ ሌሊት ጾሙን ሳይተያዩ ፈቱ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አዛዡ ችሎት ተቀመጡ። ሽቦው ይነቀል፣ ሙሴም ወደ ጠመንጃው ይመለስ አሉ። የደብሩ ካህናትም ነበሩ፤ ከመካከላቸው የወለተሐና አባት መርጌታ ወልደአረጋይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወለተሐና ከሴቶቹ መካከል ወጥታ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ። የዘርአ ዳዊት እኅት ነኝ።»

«አውቅሻለሁ። ተናገሪ።»

«ጎጆው የተቃጠለው ሥራው ክፉ ሆኖ አይደለም። መቶ ክንድ ሽቦ ሰም ሳይነካው ገብቷል። ያስገባውም ባሌ ነው። ቸኩሎ ነው፤ ያቻኮለውም የእርስዎ መልእክተኛ ነው።»

በችሎቱ ዙሪያ ሹክሹክታ ሆነ። ገብረአብ መሬት መሬት አየ።

«ጎጆውን እዚያ ያስቀመጥነው ቢቃጠል ብቻውን እንዲቃጠል ነው፤ ብቻውን ተቃጠለ» አለች ወለተሐና። «ሽቦውን ቢነቅሉት አንድ ቀን ጉም ይሆናል፣ ባሩድ በአስቸኳይ ይፈለጋል፣ አንድ ሰው ፋኖስ ሸሽጎ ይገባል። እኔ ያን ሰው አስታምሜዋለሁ። ሌላ እንዲታመም አልፈልግም። እስከ ሐምሌ ይስጡኝ፤ አሁን የማጠነጥነው እኔ ነኝ።»

«መልእክተኛ አልልክብሽም» አሉ አዛዡ። «ሲያልቅ ንገሪኝ።»

ገብረአብ በሰው ፊት ስለተነገረበት አንድ ሳምንት አኮረፈ። በሳምንቱ መጨረሻ ከአመዱ ውስጥ ያወጣውን የብረት ቀለበት አጽድቶ ፊቷ አስቀመጠው። «አንቺ አጠንጥኚ፣ እኔ ሰሙን ልያዝ» አለ። እንዲያ ጀመሩ። የተረፈውን መዳብ ስቦ አዲስ ስድስት መቶ ክንድ ቀጭን ሽቦ አወጣ፤ እሷ እያንዳንዱን ክንድ ሁለት ጊዜ በሰም ካላለፈ አልቀበልም አለች።

ሰሙ እንደገና ሲያጥር አንድ ቀን የደብሩ ዲያቆን የጧፍ ቁራጭ የሞላ እንቅብ ይዞ መጣ። ማን እንደላከው አልተናገረም፤ እነሱም አልጠየቁም። ሁለተኛውን እንቅብ ግን መርጌታ ወልደአረጋይ ራሳቸው ይዘው መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ልጃቸው ሽቦውን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥራ ስታለብስ አዩ። ሽቦው ረገብ እያለ ያስቸግራታል።

«ጫፉን የሚይዝልሽ የለም?» አሉ።

«ገብረአብ ሰም እያቀለጠ ነው።»

መርጌታ መቋሚያቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡና የሽቦውን ጫፍ ያዙ። ሲመሽ ገብረአብ ማዕድ አቀረበ፤ አብረው በሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ መጨረሻ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ጫፍ ያዙ።

ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን ጉሙ ወፍጮውን ከጉብታው ሸፍኖት ነበር። ጎጆው እንደገና ተሠርቷል፤ ክዳኑ አሁን የድንጋይ ጠፍጣፋ ነው። ገብረአብ ቁልፉን ከፈተ። ሁሉም ጎጆውን እያዩ ጠበቁ፤ አባታችን ሆይ መቶ ጊዜ የሚደገምበት ጊዜ አለፈ፤ ጭስ የለም። ገብረአብ ሣጥኑን በመዳፉ ዳሰሰው። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

ወደ ባሩድ ቤቱ ቀድሞ የሚገባ ግን ጠፋ። ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወለተሐና ጫማ ባታደርግም እግሯን ሣሩ ላይ ጠርጋ ደፉን አለፈች። አዛዡና ሙሴ ፌሊክስ ተከተሏት።

ውስጡ እንደ ቀትር ያበራል። በግድግዳው ጥግ የተደረደሩት ቀልቀሎዎች፣ መስፈሪያው፣ የጣራው ጥድ ሁሉ ይታያል። ወለተሐና ወደ ታች አየች። ወለሉ ጥቁር ነው። መጀመሪያ የድንጋዩ መልክ መሰላት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ጠቆረ። ሠራተኞቹ በጨለማ ሲሰፍሩ ያፈሰሱት ባሩድ ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል እየረገጡት ኖረዋል። በየጥጉ ተቆልሏል፤ አንዱ ቀልቀሎም ከሥሩ ተቀዶ አሁንም ያፈሳል።

አዛዥ ኃይለ ገብርኤል እግራቸውን ተመለከቱ። ያን ወለል በየሳምንቱ ይረግጡት ነበር።

ወለተሐና ዞራ ሙሴ ፌሊክስን ከእግሩ ጀምራ አየችው። የፈረንጅ ጫማው ሥር በብረት ሚስማር ተመትቷል፤ ብረት ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ብልጭታ ያወጣል። አንድ እግሩ ደፉን አልፏል።

«ሙሴ» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እግርዎን ቀስ ብለው ይመልሱ። ውጭ ሆነው ጫማዎን ያውልቁ።»

ሙሴ ፌሊክስ እንደተባለው አደረገ። እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን ፈታ። ወለተሐና ውሃና የቅጠል መጥረጊያ አስመጣች። ወለሉን አርጥበው ሲጠርጉ ዋሉ፤ አዛዡም ቀሚሳቸውን ሰብስበው አንዱን ጥግ ራሳቸው ጠረጉ። የተሰበሰበው አራት ቁና ሞላ። ገደል አፋፍ ወስደው ከውሃ ጋር ደፉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሩድ የሚሰፈረው በመብራት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወለተሐና ወለሉን ታያለች፤ ያለ እሷ ፈቃድ ጫማ ያደረገ ሰው አይገባም። ሣጥኖቹ አንድም ቀን አላስቸገሩም። ያስቸገሩት መብራቶቹ ናቸው፤ ክራቸው እያረጀ አንድ በአንድ ተቃጠሉ፤ ሙሴ ፌሊክስ ያዘዛቸው ሌሎች ደግሞ በረሃ ላይ ከተዘረፈ ሲራራ ጋር ጠፉ። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሁለት ብቻ ቀሩ። ግቢው ወደ እንጦጦ ከተዛወረ በኋላ ሙሴ ፌሊክስም ወደዚያው ሄደ።

የመጨረሻው መብራት በሰማንያ አንድ፣ በነሐሴ ጠፋ። አዛዥ ኃይለ ገብርኤል ወለተሐናን አስጠርተው ከእንግዲህ እንደ ድሮው በዳሰሳ ይሠራ ይሆን ብለው ጠየቋት።

«በዳሰሳ አይሠራም፣ ጌታዬ» አለች። «ጉም ሲሆን በሩ አይከፈት። ባሩድ የሚፈልግ ፀሐይ ይጠብቅ።»

አዛዡ እንዲሁ ይሁን አሉ። የባሩድ ቤቱን በር ቁልፍም ለእሷ ሰጧት።